ኮርሱን የጨረሰ ተማሪ

የእስር ቤት ወሬ ከተነሳ፣ ሆላንድ ያለ አበሻ ሁሉ ተሰልፎ ቢመጣ እኔ ፊት አፉን አይከፍትም። የፖለቲካ እስረኛ ነበርኩ። የብረት በር ተቆልፎብኛል፤ ቀበቶዬንና የጫማ ማሰሪያዬን ተቀምቻለሁ፤ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጬ የፀሐይ መውጫና መግቢያ ጠፍቶብኛል። እርግጥ የታሰርኩት ዴን ሃግ ነው። ለሦስት ሰዓት ያህል። አይብ የገባበት ዳቦም ሰጥተውኛል።

የታሰርኩበት ሰልፍ አገር ቤት ያሉ እስረኞች ይፈቱ የሚል ነበር። እኔ ሰልፍ ላይ እምብዛም አልታይም። የዚያን ቀን ግን ከአዘጋጆቹ ቀድሜ ደረስኩ፤ የአንገቴ ሥር እስኪገተር ጮኽኩ፤ ከተፈቀደልን ቦታ ወጥተን የትራም ሐዲዱ ላይ እንቀመጥ ሲባል መጀመሪያ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ፖሊሶቹ ሦስት ጊዜ በትሕትና ተነሱ አሉን። አብዛኛው ሰው ተነሳ። አሥራ ሁለት ሆነን ቀረን። በከተማ አውቶቡስ ጭነው ሲወስዱን ከኋላ አንዱ መዝሙር ስለጀመረ ነገሩ የትምህርት ቤት ሽርሽር መሰለ።

ሁለት ሁለት አድርገው አስገቡን። ክፍሏ ጥርስ የመሰለ ቢጫ ቀለም ተቀብታለች። የሲሚንቶ አግዳሚ አለ፤ በላዩ ስስ ሰማያዊ ፍራሽ፤ በሩ አጠገብ የደወል ቁልፍ። የሆስፒታል ሳሙናና የሰው እግር ትሸታለች። መስኮት የለም። ጣራው ላይ ያለው መብራት ጆሮዬ ውስጥ የገባ ዝንብ ይመስል ያለማቋረጥ ይጮኻል።

አብረውኝ የገቡት ሽማግሌ ኤርትራዊ ናቸው። ጡረታ ወጥተው ስኪልደርስዋይክ ሰፈር ይኖራሉ። በመልክ እንተዋወቅ ነበር፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሒሳብ ስላስተማሩ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ ይጠራል። ገና እንደገቡ ጣራውን አዩ፣ ማዕዘኖቹን አዩ፣ ጫማቸውን አውልቀው ከአግዳሚው ሥር ጎን ለጎን አስቀመጡ። ፍራሹን በመዳፋቸው አበስ አድርገው «ንጹሕ ነው» አሉ። እኔ እስከዚያ ድረስ ደወሉን አምስት ጊዜ ደውዬ ነበር።

ሌላው ሲነሳ እሳቸው ለምን እንደቀሩ ጠየቅኋቸው።

«ልነሳ ነበር» አሉ። «ጉልበቴ እምቢ አለኝ። አንተስ?»

በዓላማዬ ጸንቼ ነው አልኳቸው። ከዚያ ሰዓቴ የተወሰደበትን እጄን ደጋግሜ ሳይ አይተው ምን እንደያዘኝ ጠየቁኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ሮተርዳም ፈተና እንዳለብኝ ነገርኳቸው። አምስተርዳም አንድ ሆቴል ውስጥ የአየር ማስገቢያ ቱቦና ማጣሪያ የምጠግን ሰው ነኝ። የሕንፃ ቴክኒክ ኃላፊ ለመሆን የኮሌጅ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወደ ወረቀቱ በሚወስደው መንገድ መሃል ግን አንድ ኮርስ ተጋድሟል። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፤ እሱን ከወደቅሁ ከትምህርቱ እሰናበታለሁ።

«የምን ኮርስ ነው?»

«ካልኩለስ» አልኩ፣ የመጥፎ በሽታ ስም እንደሚጠራ ሰው ድምፄን ቀንሼ።

«ፈተና ያለበት ሰው ትራም ሐዲድ ላይ ምን ይሠራል?»

አገር ይቀድማል አልኳቸው። ወደ እኔ ዞረው ተስተካክለው ተቀመጡ፤ አቀማመጣቸው ብቻ አሥር ዓመት ቀነሰላቸው። የቱ ጋ ነው የማይገባህ አሉኝ። ሁሉም ጋ አልኩ። እንዲያ የሚባል ነገር የለም፣ ቦታውን አሳየኝ አሉ። ኢንተግራሉ ጋ ነው አልኩ፤ ያቺ እባብ የመሰለች ምልክት ከመጣች እጄ ይታሰራል። ቀመሩን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም።

በዚህ መሃል ዳቦውና በወረቀት ኩባያ ሻይ መጣ። ጋሼ ጣታቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው አግዳሚው ላይ አንድ ጎባጣ መስመር ሳሉ፤ ኮረብታ የመሰለ። ከሥሩ ያለው ስፋት ስንት ነው አሉኝ። አራት ማዕዘን ቢሆን እነግርዎ ነበር አልኩ። «እንግዲያውስ አራት ማዕዘን እናድርገው» አሉና ዳቦውን በቁመቱ እየቆረሱ ከኮረብታው ሥር ደረደሩት። አራት ሰፋፊ ቁራጭ ሆነ። ጫፍ ጫፉ ላይ ክፍት ቦታ ቀረ። እያንዳንዱን ለሁለት ቆረሱና ቁመቱን ከመስመሩ ጋር አስተካከሉ፤ ክፍቱ ቦታ አነሰ። እንደገና ቆረሱ።

«አለቀ?» አሉኝ።

«አላለቀም።»

«መቼም አያልቅም። ግን ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይታይሃል?»

ታየኝ። በአርባ ሰባት ዓመቴ፣ ቀበቶ ሳልታጠቅ፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ታየኝ። እባቧ እኮ መደመሪያ ናት። እነዚያን ቀጫጭን ቁራጮች መድረሻቸው ድረስ ደምርልኝ ማለቷ ነው፤ ሌላ ጉድ የለባትም። ሌላ ኮረብታ ሳሉ፤ ሻዩ ሳይደርቅ መልስ አሉኝ፤ መለስኩ። ሌላ ሳሉ። አንዱን ተሳሳትኩ፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ራሴ ነገርኳቸው።

ሲጨርሱ የዳቦውን ቁራጭ ሁሉ ሰብስበው በሉት። ፍርፋሪውን በጣታቸው ጫፍ እየለቀሙ፣ ከአግዳሚው ስንጥቅ ሳይቀር። እኔ የዳቦዬን ጠርዝ ወርውሬው ነበር፤ እሱንም አነሱት።

የት እንዲህ ማስተማር እንደተማሩ ጠየቅኋቸው። ታስረው በነበሩ ጊዜ ነው አሉ። ማን እንዳሰራቸው አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ክፍሉ ጠባብ ስለነበር በተራ ነበር የሚተኙት፤ ሰው አእምሮው እንዳይዝግ ሁሉም የሚያውቀውን ያስተምር ተባለ። አንዱ ንብ ማነብ አስተማረ፣ አንዱ የልብስ ስፌት ልኬት። እሳቸው የካልኩለስ መግቢያ ኮርስ ከፈቱ። ጥቁር ሰሌዳቸው ወለሉ፣ ጠመኔያቸው የሳሙና ቁራጭ ነበር። በዳቦ ግን አላስተማሩም፤ ዳቦ ለእንዲህ ያለ ሥራ አይተርፍም ነበር።

«አሥራ አንድ ተማሪ ነበረኝ» አሉ። «ዴሪቬቲቭን ጨረስን። ኢንተግራል ስንጀምር ሰው መቀነስ ጀመረ።»

«ተፈተው?»

«አንዳንዶቹ።»

መብራቱ መጮኹን ቀጠለ። ያን ኮርስ የጨረሰ ሰው እንደሌለ ነገሩኝ። ለፈተና የተቀመጠ ተማሪም ኖሯቸው አያውቅም፤ ስድስት ጥያቄ አዘጋጅተው ነበር፣ እስከ ዛሬ በቃላቸው ያስታውሷቸዋል።

ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ረጅም ወጣት ፖሊስ ነው፤ ዝርዝሩን አየና የጋሼን ስም ጠራ። ፎርም የምትሞላው ሠራተኛ አንድ ሰው ብቻ ነው አሁን የምትቀበለው፤ ቀጣዩ ምናልባት ከአንድ ሰዓት በኋላ። ጋሼ ጫማቸውን እንኳን አላነሱም። ዝግ ባለ ደችኛ፣ ይህ ሰው ፈተና አለበት፣ እሱ ይውጣ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አውቅ ነበር። ባለቤታቸው የማስታወስ ሕመም አለባቸው። ቀን ቀን የአረጋውያን ማዋያ ቤት ይውላሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሼ ራሳቸው ሄደው ያመጧቸዋል። ዳቦውን ስንጠብቅ ነግረውኝ ነበር።

«እርስዎ ይቅደሙ ጋሼ። ባለቤትዎን ማን ያመጣቸዋል?»

«ቅደም። ዘጠኝ ሰዓት ሩቅ ነው።»

«በፍጹም አይሆንም።»

«ቅደም አልኩህ።»

ፖሊሱ በሩን ይዞ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል። ከእስር ቤት አልወጣም ብሎ የሚጨቃጨቅ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። በእኛ ዘንድ በር ላይ ቅደም፣ አንተ ቅደም መባባል ማብቂያ የለውም፤ አዛውንቶቹ በር ላይ ሲገባበዙ ሙሽሮቹ ልጅ የወለዱበት ሠርግ አውቃለሁ። እኔ ግን በሁለተኛው እሺ አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ እምቢ ብል ኖሮ ይወጡ ነበር።

ጋሼ ተነሱ። የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ፤ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው። የእኔን ኮሌታ አስተካከሉ። እጄን ጨብጠው «ስትቀመጥ አትቸኩል» አሉኝ። በሩ ሲዘጋ በካልሲያቸው ቆመው ነበር።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ውጪ ነበርኩ። እስከ ሆላንድስ ስፖር ባቡር ጣቢያ በትራም ሄድኩ። የሮተርዳም ባቡር መጣ፤ የሚቀጥለው ይሻላል አልኩ። የሚቀጥለውም መጣ። የተጠበሰ ድንች ገዝቼ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ስወድቅ ምክንያት ነበረኝ፣ አልገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል፤ ገብቶኝ ከወደቅሁስ? ይህን እያሰብኩ ስምንት ሰዓት ሆነ። እውነቱን ለመናገር ጠዋትም ሐዲዱ ላይ የተቀመጥኩት አገር ቀድሞብኝ አይደለም። ታሰረ የተባለ ሰው ወደቀ አይባልም። ለኮሌጁ ፖሊስ ይዞኝ ነበር ብዬ ጻፍኩ፤ በሚቀጥለው ወር ከትምህርቱ ወጣሁ።

ጋሼን ከሦስት ሳምንት በኋላ ላክ በሚባለው የዴን ሃግ ሰፈር ለቅሶ ቤት አገኘኋቸው። እኔ ከወጣሁ በኋላ ሌሎች እስረኞች ስለመጡ ተራው ተበላሽቶ የወጡት ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ማዋያ ቤቱ ተዘግቶ ነበር፤ አንዲት ሠራተኛ ሳትሄድ ቆይታለች። ባለቤታቸው ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሩን ሲያዩ ነው የዋሉት። አውልቂ ቢሏቸው እምቢ አሉ። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ፈገግ እያሉ ነበር፤ ግትር ናት አሉ።

ከዚያ ስንት አመጣህ አሉኝ።

የካፖርቱን ነገር ከሰማሁ በኋላ አልሄድኩም ማለት አቃተኝ። ከአሥር ሰባት ተኩል አልኳቸው። አሥር ማለት አሳፍሮኝ ነው። ቀስ ብለው «ሰባት ተኩል» አሉ፤ ከዚያ አጠገባቸው ለተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ነገሩ።

እስከ ዛሬ ለሰው ሲያስተዋውቁኝ ይህ ኮርሱን የጨረሰው ተማሪዬ ነው ይላሉ። እኔ አሁንም እዚያው ሆቴል ማጣሪያ እቀይራለሁ። አንዳንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሳያየኝ፣ ዳቦዬን በቁመቱ ቆርሼ እደረድራለሁ። ኢንተግራል ገብቶኛል፤ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ይህን ለመጻፍ ለምን ይህን ያህል ዓመት እንደፈጀብኝ ጀግና መስዬ ላስረዳ እችል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ የጋሼ ዓይን ደክሟል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ማንበብ ትተዋል። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ያንን ከሰማሁ በኋላ ነው።