የአጎቴ ጋቢ

ዛሬ አየር ጤና ክሊኒክ መርፌ ተወግቼ ስንቀጠቀጥ፣ አልጋው ከነእኔ ተነስቶ በኮልፌ ጣሪያዎች ላይ ቀስ ብሎ ሲንሳፈፍ አየሁ።

ነርሷ «አይዞህ፣ መድኃኒቱ ሲሠራ ነው የሚያንቀጠቅጥህ» አለችኝ። በሽታው የሚያገረሽ ትኩሳት ይባላል፤ ተሻለኝ ባልኩ ቁጥር ተመልሶ ሲጥለኝ ነው የከረመው።

«የልብስ ቅማል ነው የሚያስተላልፈው» ስትል፣ ታምሜም ሽቶ መቀባት የማልረሳው እኔ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

አብራኝ የመጣችው እናቴ ግን ለብሼው የመጣሁትን ጋቢ ትኩር ብላ አየችው። አጎቴ ከገጠር መጥቶ ሲመለስ የተወልን ነው። በበረደኝ ቁጥር እሱኑ ነበር የምትደርብልኝ።

አሁን ግቢያችን ውስጥ በትልቁ የድግስ ድስት እየቀቀለችው ነው። እንፋሎቱ መሃል ቆማ «ታዲያ ምን ልደርብልህ ልጄ?» ትለኛለች።

እናንተስ፣ በፍቅር የተደረበላችሁ ነገር አሳምሟችሁ ያውቃል?