እናቴ ደባርቅ ገበያ ላይ የሰማችው ወሬ

ባሌ ለትምህርት ህንድ አገር ከሄደ በኋላ እኔን ለመውሰድ ስድስት ወር ፈጀበት። እሱ ደባርቅ መምህር ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ፣ ሰው ፊት ውሃ ለመጠጣት እንኳ የማፍር ልጅ ነኝ። ጎረቤቶቻችን እናቴን «ይቺን አፍ የሌላትን ልጅ ባሕር ማዶ ልትሰጃት ነው?» ሲሏት «አፍ የሌለው ሰው ጠላትም የለው» ብላ ትመልስላቸው ነበር።

የተከራየነው ቤት ከባሕሩ ብዙ የማይርቅ፣ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ከትንሽ ማብሰያ ጋር ነበር። ሙቀቱን እንዴት ብዬ ልናገረው? እኛ ሐምሌ ላይ ጉም ቤት ድረስ ገብቶ የማገዶውን እንጨት ሲያረጥብ፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበን ያደግን ሰዎች ነን። እዚያ ግን ገላዬን ታጥቤ ሳልጨርስ ያልበኛል። ጣሪያው ላይ የሚዞረው ማራገቢያ መብራት ሲጠፋ ቀጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ተኝቼ ዓይኔን እጨፍንና ሊማሊሞን ወጥተው ደባርቅ የሚደርሱትን የጭነት መኪናዎች አስባለሁ። ሞተራቸው ግሎ ቆመው ውሃ ሲጨመርላቸው፣ ሾፌሮቹ ብርዱን ሲያማርሩ። ያን ብርድ ያማርሩ በነበሩት ሰዎች እቀና ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጎረቤት እስኪመጣ ስጠብቅ አሳለፍሁ። በእኛ አገር አዲስ የገባ ሰው በየቤቱ አይዞርም፤ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ የሚመጣው ነባሩ ነው። ለሚመጣው እንግዳ ብዬ ዳቦ እጋግራለሁ፤ ማንም አይመጣም፤ ለእኛው ቁርስ ይሆናል። በር ዘግቶ መብላት ነውር ስለሆነ ምሳ ስንበላ በሩን ወለል አድርጌ እተወዋለሁ።

«ዝጊው፣ እዚህ ሰው አይገባም» ይለኛል ባሌ።

«ቢመጣስ?»

አንድ ቀን እውነትም መጣ፤ ዝንጀሮ ነበር። ባሌ ትምህርት ቤት ውሎ እኔ ብቻዬን ነኝ። ዳቦዬን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ በረንዳው ብረት ላይ ወጣና ያየኝ ጀመር። እኔ የተወለድሁት ስሜን ተራራ ላይ፣ ጊች ነው። ቤተ ሰባችን ወደ ደባርቅ ሳይወርድ በፊት የልጅነት ሥራዬ ገብሱን ከጭላዳ ዝንጀሮ መጠበቅ ነበር። ምን እንደሆንሁ አላውቅም፤ ያ ማሳ ላይ የምጮኸው ጩኸት ከደረቴ ወጣ። ዝንጀሮው ዳቦውን ጥሎ በረረ። የሕንጻው ሰው ሁሉ በየበሩ ብቅ አለ።

ከታች ያለችው የቤቱ ባለቤት መጥረጊያ ይዛ እየሮጠች ወጣች። በእናቴ ዕድሜ ያለች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አማ» ይላታል፤ በእነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። እኔን አየች፣ የወደቀውን ዳቦ አየች፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እስኪያልባት ሳቀች። እኔም ዳቦውን አራግፌ ቆረስሁላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳትመጣ የዋለችበት ቀን የለም። ቋንቋ የለንም። ጎመኑን፣ ድንቹን፣ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እያነሣች ስሙን ትነግረኛለች፤ እኔም የእኛን እነግራታለሁ። አፍ የሌለኝ እኔ አስተማሪ ሆንሁ።

በአምስተኛው ወር አረገዝሁ።

በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ማርገዟን ለእናቷ በገዛ አፏ አትናገርም። ያሳፍራል። እናት ከልጇ አማት ወይም ከጎረቤት ትሰማለች፤ ከሰማችም በኋላ ምንም እንዳልሰማች ቅቤ ትልካለች፤ በዚያ ይታወቃል። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደውም እናት ቤት ነው። ስለዚህ ሐሳቤን አሳምሬ ነበር፤ ሰባት ወር ሳይሞላኝ ተሳፍሬ ደባርቅ እገባለሁ፣ እናቴ ጓዳ እወልዳለሁ። ለባሌ ነገርሁት። እሱ ለእናቱ ይነግራል፤ እሳቸው ለእናቴ ይነግራሉ፤ እንዲህ ነው የሚሄደው።

እሑድ እሑድ እናቴ ጋ ስንደውል «ትበያለሽ?» ትለኛለች። «እበላለሁ» እላታለሁ። ዱሮም እንዲህ ትጠይቀኝ ነበር፤ አሁን ግን አውቃ ነው የምትጠይቀኝ ብዬ ፊቴ ይግላል፤ ስልኩን ቶሎ ለባሌ እሰጠዋለሁ።

ስድስት ወር ሲሆነኝ አገራችን ተረበሸና መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም ጠፋ። ጎንደር ሲደወል ይነሣል፤ ዳባትና ደባርቅ ግን የለም። ባሌ በየቀኑ ይሞክራል፤ ያችው «ሊያገኟቸው አይችሉም» የምትለው የስልክ ሴትዮ ብቻ ናት የምትመልስለት። አንድ ቀን ምሳ ላይ፦

«እማዬ ዓይኗ መንገድ መንገዱን እያየ ይሆናል» አልሁት። «እንደማልመጣ እንኳ ማን ይንገራት?»

ባሌ ሩዙን ማኘክ አቆመ። «ልትመጪ እንደሆነ ነግረሻት ነበር እንዴ?»

«እኔ? እኔ እንዴት እነግራታለሁ! እናትህ አልነገሯትም?»

«እናቴ በምን አውቃ?»

«አልነገርሃቸውም?»

«ሴት ልጅ ለእናቷ ትነግራለች ብዬ ነዋ! እኔ ምን ብዬ ልንገራት? ሚስቴ አረገዘች ብዬ? አፍሬ ነዋ!»

ተያየን። እሱ «ሁለት ዓይነ አፋር ተጋብቶ!» ብሎ ሊስቅ ጀመረ፤ ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። እኔ ያለቀስሁት ደባርቅ ስላልሄድሁ ብቻ አልነበረም። ያን ሁሉ እሑድ «ትበያለሽ?» ስትለኝ ሆዴን ይዤ የተደሰትሁት ብቻዬን ኖሯል። እናቴ ምንም አታውቅም። በምጥ ብሞት እንኳ ማርገዜን ሳታውቅ ነው መርዶዬን የምትሰማው።

አማ ሆዴን ካየች ቆይታለች። እዚያም አገር የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ የጎረቤት ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ወደ እናቶቻቸው ሲገቡ አይቻለሁ። አንድ ጠዋት ልብስ የማጣጠፍ ምልክት እያሳየች መቼ እንደምሄድ ጠየቀችኝ። እንደማልሄድ ራሴን ነቀነቅሁ። ባሌ በምትችላት እንግሊዝኛ አስረዳት። ብዙ ተናገረች።

«ምን አለች?» አልሁት።

«ታዲያ እኔ ታች ቤት የተቀመጥሁት ለምንድን ነው፣ አለች።»

ደስ አለኝ፤ ግን እናቴ አልሆነችልኝም። የምፈልገው እናቴ እንድታውቅ ነበር፤ ከመውለዴ በፊት እንድታውቅ።

በመጨረሻ ባሌ አንዲት የጎንደር ነጋዴ ትዝ አለችው። ልብስ እያመጣች ዳባትና ደባርቅ ገበያ የምትሸጥ እስላም ሴት ናት፤ የእናቴ የረጅም ጊዜ ደንበኛ። ቁጥሯን ፈልጎ አገኘና ደወለ። መንገዱ ፋታ ሲሰጥ እንደምትሄድ ነገረችው። «የምሥራች እኮ ነው! ከዳባት ወዲያ መኪና ባጣ በእግሬ እሄዳለሁ» ስትል እኔም ሰማኋት። ከዚያ በኋላ የእሷም ስልክ አልነሣ አለ። ትድረስ፣ አትድረስ፣ ሳናውቅ ሳምንታት አለፉ።

በቀትር ሴት ልጅ ወለድሁ። አማ እጄን ይዛኝ ነበር። ከሆስፒታል ስንመለስ ባሌ ከየት እንደሆነ እንጃ ገብስ ፈልጎ አምጥቶ፣ አማ ፈጭታው፣ ገንፎ አገነፋ። በሕይወቱ ገንፎ አገንፍቶ አያውቅም፤ ጓጉሏል። አማ ደግሞ ያ ምን እንደሆነ ሳይገባት የራሷን ንጥር ቅቤ መሐሉ ላይ አፈሰሰችበት። «እልል የሚልልሽ ጠፋ እኮ» አለና ስልኩን አውጥቶ፣ የዘመድ ሠርግ ቪዲዮ ከፍቶ፣ እልልታው ያለበትን ቦታ ፈልጎ አሰማኝ። ሦስቴ መላልሶ አሰማኝ። ሳቅሁ፤ ከዚያ ገንፎውን እየበላሁ አለቀስሁ።

ልጄ ሦስት ወር ሊሞላት ሲል ስልኩ ተመለሰ። የደወለችው እናቴ ናት። ድምፄን ስትሰማ ሰላም እንኳ አላለችኝም።

«ለእኔ ለእናትሽ ልብስ ነጋዴ ትንገረኝ?»

«እማዬ…»

«ዝም በይ! ገበያ ገብስ ልሸጥ ቁጭ ብያለሁ። አምስት ሴት ከብቦኛል። ያቺ ሴት ከሩቅ “የምሥራች! ልጅሽ ልትወልድ ነው!” እያለች መጣች። ምን ልበል? አታውቅም ነበር ልባል? “አንቺ ዛሬ ሰማሽ እንዴ፣ እኔማ ዱሮ አውቃለሁ” አልኋት። አልኋትና ገብሴን እዚያው ትቼ ቤቴ ገባሁ። ማን እንደ ሰበሰበው እስከ ዛሬ አላውቅም።»

እኔ ማልቀስ ጀምሬያለሁ።

«ሳልጠይቃት ነው የገባሁት፤ ስንት ወርሽ እንደሆነ። አውቃለሁ ካልሁ በኋላ ምን ብዬ ልመለስ? በግምት ቆጠርሁ። ይሄኔ ወልዳለች ባልሁት ቀን ገንፎ አገንፍቼ ጎረቤቱን ጠራሁ። “አራሷ የታለች?” አሉኝ። “አለች፣ እናንተ ብሉ” አልኋቸው። በሉ፣ እልልም አሉ። ያንቺን ድርሻ ከመሶቡ ላይ ለየሁት። ማንም አልነካውም። ደረቀ።»

«ነውር ነው ብዬ ነው እማዬ። አንቺስ ለእናትሽ ተናግረሽ ነበር?»

 

«አልተናገርሁም» አለች። «ግን እናቴ እዚያው ጊች ከአጥሩ ማዶ ነበረች። ውሃ ይዤ ሳልፍ ሆዴን ታየው ነበር። እኔ አንቺን በምን ልይሽ? ዓይኔ እዚያ አይደርስ። ከእንግዲህ ነውር የለም፤ በአፍሽ ነው የማይሽ።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ አይደለም። ንገሪኝ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ምጡ መቼ ጀመረሽ? ማን ያዘሽ? ጮህሽ ወይስ ዝም አልሽ?»

ባሌ ልጃችንን ታቅፎ ወደ በረንዳው ወጣልኝ። እናቴ እንደማታየኝ እያወቅሁ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብሁ።

«ማክሰኞ ነበር» አልኋት። «ጠዋት፣ ልብስ እያጠብሁ…»

«ቆይ፣ ቆይ። በመውለጃሽ ቀን ጎንበስ ብለሽ ልብስ ታጥቢያለሽ? በቀዝቃዛ ውሃ? ያ ባልሽ የት ሄዶ ነው?»