ከፍሪጁ ጀርባ የወተፍኩት ሹራብ

ትናንት ልጄ ፍሪጃችንን ከግድግዳው ሳብ አድርጋ ጀርባውን ስትዳብስ፣ ከላይ የወደቀ የሱፍ ሻርፕ አገኘች። «እማዬ፣ ማነው ይሄን እዚህ የጣለው? ሙቀቱ በየት ይውጣ?» ሳላስበው «እኔ አይደለሁም» አልኩ። ሳቀችብኝ። ቤቱ ውስጥ ከኔና ከሷ በቀር ማን አለና! እኔን ግን የሞቀው ሱፍ ሽታ አባባን አስታወሰኝ።

በደርግ ጊዜ አባባ ክትባት ለገጠር የሚያደርስ መኪና ይነዳ ነበር። መኪናው ቤት በለው፤ አልጋ አለው፣ በቡታጋዝ እሳት የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅም አለው። እኛ በር ላይ፣ ጉለሌ ቁልቁለቱ ላይ ሲቆም ግን ፍሪጁ እምቢ አለ። አባባ «አዘንብሎ አይሠራም» ብሎ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ። እኔ ውስጥ ሆኜ ወለሉ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ ውሃ እያየሁ «ገና ነው... ገና... በቃ፣ ተስተካከለ!» እል ነበር። ቀጥሎ ሙቀቱ እንዲወጣ ከፍሪጁ ጀርባ የመኪናውን ቆርቆሮ ቀደደና ወንፊት ለጠፈበት። በማግስቱ «ቅመሺማ» ብሎ የሰጠኝ ውሃ ጥርስ ያማል።

ክትባቱ በገባ ቀን አባባ አተኮሰው። መኪናውን ጥሎ መሄድ ስለማይችል እዚያው ተኛ። ምሳ ሳደርስለት የእንጦጦ ነፋስ በዚያች ቀዳዳ ሽው ይላል። እኛ ቤት ደግሞ ከጥይት ይልቅ ነፋስ ይፈራል። እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ ግራጫ ሹራቡን ጥቅጥቅ አድርጌ ወተፍኩት። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ጠዋት ክትባቱን ልታይ የመጣችው ነርስ ስትነካው ለብ ብሏል። ሊቀመንበሩ ከቀበሌ ተጠርቶ መጣና ጥጉ የተለበለበውን ሹራብ መዞ አወጣ።

«ጓድ፣ ይሄ አሻጥር ነው! ማነው የደፈነው?»

አባባ ሹራቡን አየ። በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን አየ።

«እኔ ነኝ። በርዶኝ ነው» አለ።

«አንተ እንድትሞቅ የገጠር ሕፃን ይለቅ?»

ይዘውት ሄዱ። ሦስት ሳምንት ስንቅ አመላለስኩ፤ ዛሬ እናገራለሁ እያልኩ ሳህኑን ብቻ ይዤ እመለሳለሁ። ልጅ ነበርኩ እንዳልል፣ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ሁሉም ይገባኛል።

ሲፈታ መኪናውን ለሌላ ሾፌር ሰጥተውበት ነበር። ሹራቡን ግን መልሰውለት ነበር፤ አጥፎ ሰጠኝ። «የመስኮታችን ስንጥቅ ነፋስ ያስገባል፤ እዚያ ወትፊው» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ።

ወተፍኩት። አባባ እስኪሞት ያንን መስኮት አልከፈትነውም። እኔም አፌን አልከፈትኩም።