ኤሊኔድ እና የቀረችው አንድ ማይል

ኤሊኔድ ቤብ የናንት ሄሊግ ባቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆነችው ስለ ባቡር ታውቃለች ተብሎ አልነበረም። አሥራ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች፤ ሦስት መቶ ልጅ በአርባ ደቂቃ አብልታ ወደ ክፍል የምትመልስ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የባቡር ጣቢያው ሻይ ቤት ተቀጠረች። እዚያ ዘቢብ የበዛበትን ዳቦ ስትቆርስ ነው የባቡሩን ሰዎች አንድ በአንድ ያወቀቻቸው።

ስልሳ ያህል በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ጡረተኞች። ድሮ ከተራራው የጣሪያ ድንጋይ ያወርድ የነበረውን ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ከዝገት አውጥተው፣ ሐዲዱን በገዛ እጃቸው አንጥፈው፣ በበጋ ጎብኚ ያመላልሱበታል። በክረምቱ ብርድ ደግሞ ይጣላሉ። ያን ዓመት የተጣሉት ፉርጎዎቹ አረንጓዴ ይቀቡ ወይስ ቡናማ በሚል ነበር። ጠቡ የመረረው ሥራ አስኪያጅ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ ሄደ።

ቦርዱ ሊተካው ተሰበሰበ። አንዱ ወገን ያቀረበውን ሌላው ይጥላል። ሰብሳቢው፣ ጡረታ የወጡት ሐኪም ዶክተር ሜሬዲዝ፣ ድንገት ሻይ ይዛ የገባችውን ኤሊኔድን ቀና ብለው አዩ።

“እዚህ ግቢ ‘ዝም በሉ’ ስትል ሁሉም ዝም የሚልላት ይቺ ብቻ ናት” አሉ።

“እኔ? እኔ እኮ ባቡሩ በየት በኩል እንደሚነዳ እንኳ አላውቅም!”

“እሱን የሚያውቁ ስልሳ ሰዎች አሉን። የቸገረን እነሱን የሚነዳ ነው።”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እጅ ወጣ፤ ተመረጠች። እጃቸውን ያላወጡት የጥገናው አለቃ ጎሮንዊ ብቻ ነበሩ። በወጣትነታቸው፣ ባቡሩ ገና ድንጋይ ሲጭን፣ እሳት አንዳጁ እሳቸው ነበሩ።

“ባቡር ኬክ አይደለም፣ የኔ እመቤት” አሏት በር ላይ።

“እሱስ እውነት ነው። ኬክ ሃያ ደቂቃ ከዘገየ ያራል። የእርስዎ ባቡር ግን በየቀኑ ይዘገያል፣ ምንም አይሆንም።”

ሰኞ ጠዋት ቱታ ለብሳ ጥገና ክፍል ተገኘች። ጎሮንዊ በአንድ ቀን ሊያባርሯት አስበው፣ ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ፣ ግላዲስ የሚሏት፣ ፉርጎዎቹን የምትጎትተው ሎኮሞቲቭ ሆድ ውስጥ ዝገት እንድትፍቅ አስገቧት። ማታ ጥላሸት መስላ ወጣችና “ነገስ የት ልግባ?” አለቻቸው። ሦስት ወር እንዲሁ ሠራች። የግላዲስን እሳት ራሷ አንድዳ ከመጋዘኗ ያወጣቻት ቀን ጎሮንዊ “የኔ እመቤት” ማለት ትተው በስሟ ጠሯት። ፉርጎዎቹን ደግሞ አንዱን ጎን አረንጓዴ፣ ሌላውን ጎን ቡናማ አስቀባችና “የሚወደውን ጎን ለይቶ መቆም ነው!” አለች። የሚከራከራት ጠፋ።

የሚያስቸግረው ሌላ ነበር። ሐዲዱ ብሪን ኮህ የሚባለው መንደር ሊደርስ አንድ ማይል ሲቀረው ሜዳ ላይ ያበቃል። ሰዉ ይወርዳል፣ በጎቹን ያያል፣ በጎቹም ሰዉን ያያሉ፣ ከዚያ መመለስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የኢድዋል ፒው መሬት ነው። ኢድዋል ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ከውሻው በቀር የሚያናግረው የሌለው በግ አርቢ ነበር። ሐዲዱ በመሬቱ እንዲያልፍ የባቡሩ ጠበቆች አሥራ ሁለት ደብዳቤ ጽፈውለታል፤ ለአንዱም መልስ አልሰጠም።

ኤሊኔድ ደብዳቤ አልጻፈችም። በመጋቢት፣ በጎች በሚወልዱበት ሰሞን፣ በእግሯ ሄደች። ጋጣ ውስጥ ተንበርክኮ ከምታምጥ በግ ጋር ሲታገል አገኘችው።

“ከባቡሩ ነሽ?”

“አዎ።”

“እንግዲያው በመጣሽበት ተመለሽ።”

“እመለሳለሁ። ግን የግልገሉ እግር ወደ ኋላ ታጥፏል፤ የእርስዎ እጅ ደግሞ አካፋ ያህላል። እስቲ ዞር ይበሉልኝ።”

የገበሬ ልጅ ናት። እጅጌዋን ሰብስባ እግሩን አቃንታ ሳበችው። ግልገሉ ወደቀ፣ አነጠሰ፣ ጮኸ። ኢድዋል ግልገሉን በድርቆሽ እያሸ ሳትጠይቀው ነገራት።

“አሥር ዓመቴ ነበር። ያኔ በመሬታችን ዳር ያልፍ ከነበረው ባቡራችሁ ፍንጣሪ ወጥቶ የአባቴን የዓመት ድርቆሽ አነደደው። ክረምቱን ላሞቻችን የሚበሉት አጥተው አለቁ። ከኩባንያው ደብዳቤ መጣ፤ ሰው ግን አልመጣም። እሳት የሚያነደውን ጎረምሳ አይቼዋለሁ፣ አፉን ከፍቶ እየሳቀ ሲያልፍ። ፀጉሩ ቀይ ነበር።”

ኤሊኔድ የጎሮንዊን ቅንድብ አሰበች። ፀጉራቸው ጥጥ ቢመስልም ቅንድባቸው እስከ ዛሬ ቀይ ነው።

በቀጥታ ወደ ጥገና ክፍል ሄዳ የሰማችውን ነገረቻቸው። ጎሮንዊ መፍቻቸውን አስቀመጡ።

“አልሳቅኩም” አሉ። “እየጮህኩ ነበር። ሾፌሩ እንዲያቆም እየጮህኩ ነበር፤ አላቆመም።”

“ታዲያ ለምን ሄደው አልነገሯቸውም?”

“አፈርኩ። ዓመት አለፈ፣ ከዚያ አሥር ዓመት። ከአርባ ዓመት በኋላ የሰው በር ይንኳኳል?”

“ይንኳኳል። ኮትዎን ይልበሱ።”

ተያይዘው ወደ እርሻው ሄዱ። ኢድዋል በሩን ከፍቶ ቅንድባቸውን ሲያይ ፊቱ ደም ለበሰ።

“አንተ ነህ!”

“እኔ ነኝ። ያኔ መምጣት ነበረብኝ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ለአባትህም ጭምር” አሉ ጎሮንዊ፤ ስለ ጩኸታቸውም፣ ስላላቆመው ሾፌርም ነገሩት።

ኢድዋል በሩን ይዞ እንደቆመ ውሻው መጥታ የጎሮንዊን ጫማ አሸተተች፣ እግራቸው ሥር ተኛች። ኢድዋል ውሻውን አየ፣ ሽማግሌውን አየ።

“ሰኔ ላይ ድርቆሽ እሰበስባለሁ” አለ በመጨረሻ። “መጥተህ ትሰበስብልኛለህ። በማሽን አይደለም፣ በመንሽ።”

“እመጣለሁ።”

ሰኔ ላይ ጎሮንዊ መጡ፤ ግን ብቻቸውን አልነበሩም። ሠላሳ ሰባት በጎ ፈቃደኞች ከኋላቸው ተሰልፈው ነበር፤ ኤሊኔድም ሥጋና ዳቦ በጋሪ ጭና ተከተለች። አረንጓዴዎቹና ቡናማዎቹ ማን ትልቅ ክምር ይከምራል ብለው ተፎካከሩ። የቡናማዎቹ ክምር ጎብጦ፣ ጎብጦ፣ ዶክተር ሜሬዲዝ ላይ ተናደ። እግራቸው ብቻ ሲወራጭ ኢድዋል ሆዱን ይዞ መሬት ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ። ጎረቤቶቹ ሳቁን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ኤሊኔድ መጣ።

“ሐዲዱ በዚህ ይለፍ። ግን በጎቼ ሲሻገሩ ባቡሩ ይቁም። ደጄ ላይም ጣቢያ ይኑረኝ።”

“ጣቢያ? ለአንድ ሰው?”

“ለአንድ ሰውና ለአንድ ውሻ።”

“በል ተስማማን፣ ኢድዋል” አለችው፤ “እርስዎ” ማለቷን የተወችው ያኔ ነው።

ሐዲዱን ለማንጠፍ ሁለት ዓመት ፈጀ። ኤሊኔድ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሥራ አስኪያጅ ሆና ብዙ ነገር ሠርታለች፤ ፉርጎ አሳድሳለች፣ ሴት ሾፌሮችን አሠልጥናለች። ስለ ሥራዋ ሲጠይቋት ግን የምትጀምረው አዲሱ ሐዲድ ከተመረቀበት ቅዳሜ ነው።

ግላዲስን ጎሮንዊ ነዱ፤ እሳቱን ኤሊኔድ አነደደች። ኢድዋል በክት ሱፉ፣ ውሻውን ታቅፎ፣ ጠረጴዛ በምታክል ጣቢያው ላይ ቆሞ እጁን አወጣ። ባቡሩ ቆመለት፤ ሰዉ በመስኮት አጨበጨበ። ሁለት መቶ ሜትር እንደሄዱ በጎቹ ሐዲዱ ላይ ተኝተው ተገኙ።

“ኢድዋል! የአንተ ናቸው፣ ውረድና አስነሳቸው!” ብላ ጮኸች።

“ዛሬ እኔ ተሳፋሪ ነኝ!” አለ በመስኮት።

አሥራ አንድ ደቂቃ ቆሙ። በጎቹ እስኪነሱ አንዲት አሮጊት መዝሙር ጀመረች፤ ፉርጎው ተቀበላት። ብሪን ኮህ ሲደርሱ መንደሩ በሙሉ መድረኩ ላይ ነበር፤ እነሱም ተቀበሉ። ሰው ሁሉ በድምፅ ተከፍሎ፣ ወንዱ ዝቅ ሴቱ ከፍ እያለ፣ አንዱ መዝሙር ሲያልቅ ሌላ ያነሳል።

ጎሮንዊ ሰዓታቸውን አውጥተው አዩ።

“የመመለሻችን ሰዓት አለፈ። መቼ ነው የምንነሳው?”

ኤሊኔድ በጥላሸት የጠቆረ ፊቷን በክንዷ ጠረገች።

“መዝሙሩ ሲያልቅ” አለች፤ እሷም ድምጿን አንስታ ተቀበለች።