የአማቴ ፔርሙዝ

የዛሬ ሁለት ወር አካባቢ፣ ሐሙስ ጠዋት... እህል በረንዳ፣ አማቴ ጤፍ የሚሸጡበት ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ አማቴ ላይ ልጮህ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ጋሽ ደምሴ የሚስቴ አባት ናቸው። ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ዓመት አልፎታል፤ በሳምንት ሁለቴ ደማቸው በማሽን ይታጠባል። እሱን እንኳን ለምደውታል። እኛን ያስጨነቀን ጭንቅላታቸው ነው። ጤፍ ቆንጠር አድርገው «ይሄ የአደአ ነው፣ ይሄኛው ተቀላቅሏል» የሚሉ ሰውዬ አንዱን ጥያቄ ሦስቴ መጠየቅ ጀመሩ። አንድ ቀን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከታክሲ ወርደው ወደ ሱቃቸው በየት እንደሚኬድ ጠፋቸው። «የባቡሩ ቁፋሮ ነው ያሳሳተኝ» አሉን። አርባ ዓመት የተመላለሱበት መንገድ!

የሚስቴ ወንድሞች «አርጅቷል፣ የሱቁን ቁልፍ እንቀበለው» አሉ። ጋሼ ያንን ቁልፍ ከአንገታቸው አያወልቁትም። የወሰድንባቸው ቀን አልጋ ይዘው እንደሚቀሩ ሁላችንም እናውቃለን።

ሐኪሙ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። «ደማቸው በጣም ወርዷል፤ ጭንቅላትም እኮ ደም ይፈልጋል። ደም እንዲያመርቱ የሚረዳ መርፌ አለ። ደማቸው ሲመለስ ሐሳባቸውም ሊጠራ ይችላል... ቃል ግን አልገባልህም። ደግሞ መርፌው ቅዝቃዜ እንዳይለየው።»

ከዚያማ ሥራዬ መርፌ ማቀዝቀዝ ሆነ። ስንት ፋርማሲ ዞሬ አገኛለሁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ካለው ጁስ ቤት ሄጄ በረዶ እለምናለሁ፤ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «መጣ ደግሞ» ይላሉ። በሕክምናቸው ቀን በረዶ የሞላሁበት ፔርሙዝ ውስጥ ከትቼ እሰጣቸዋለሁ። ጋሼ ሱቁን ከፍተው ትንሽ ይቀመጡና ረፋድ ላይ ይዘውት ይሄዳሉ።

ሦስት ወር ሙሉ! ደማቸው ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ መጠኑን ጨመረ... ምንም። የሚስቴ ወንድሞች «አላልንህም?» አሉኝ። እሑድ ተሰብስበን ቁልፉን ልንቀበል ተወሰነ።

ያን ሐሙስ እኔው ራሴ ሕክምናቸው ጋ ላደርሳቸው ሱቅ ሄድኩ። ጋሼ ፔርሙዙን ከፈቱ፣ መርፌዋን አወጡ፣ በረዶውን በር ላይ ደፉት። ከጎረቤት ሻይ ቤት የመጣ የፈላ ውሃ ሞሉበትና መርፌዋን በላስቲክ ቋጥረው መልሰው ከተቷት።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ብርዱን ላወጣለት ነዋ። በረዶ የሆነ ነገር ደሜ ውስጥ ገብቶ ብርድ ይምታኝ?»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት?»

«አንድ ቀን ረስቼ አላውቅም።»

«የምትወጋዎት ነርስስ ምንም አላለችም?»

«ጠርጌ ነው የምሰጣት። ደግሞ ልጄ፣ ፔርሙዝ ለሙቅ ነገር ነው። በረዶ ስትሞላበት ዝም ያልኩህ እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው።»

የልጅ ልጃቸውን ስም የሚረሱ ሰውዬ ይህቺን አንዴም አልረሱም! አማት ላይ ደግሞ አይጮህም። ንዴቴን ይዤ ወጣሁና፣ ኩንታል ጭኖ በሰላም የሚያልፍ ጋሪ ገፊ ላይ «አታይም እንዴ!» ብዬ ጮህኩበት። ምስኪን፣ አልነካኝም። ማንን እንደምቆጣ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ።

የሚስቴን ወንድሞች «መርፌውን ያበላሸው የፈላው ውሃ ነው፣ ሁለት ወር ታገሱኝ» ብዬ ለመንኩ። ከዚያ ወዲህ መርፌዋን እኔው ይዤ ነርሷ እጅ ላይ አስቀምጣለሁ። ለጋሼ ሌላ ፔርሙዝ ገዝቼ ትኩስ ሻይ ሞላሁላቸው፤ እሱን ታቅፈው ይሄዳሉ።

ትናንት ሱቅ ስገባ ጋሼ ጤፍ ቆንጥረው «ይሄ ተቀላቅሏል፣ ጭነህ መልሰው» እያሉ ያመጣውን ነጋዴ ያፋጥጡታል። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። እጃቸውን ልስም ስጠጋ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ፣ ያን ሐሙስ በር ላይ የጮህክበት ጋሪ ገፊ... አረንጓዴ ሹራብ የለበሰው... ይቅርታ ጠየቅከው?»

«ኧረ... አልጠየቅኩትም ጋሼ።»

«ያውልህ እዚያ ቆሟል። ሂድ!»

ሄድኩ። ለካ አምስት ወር ሙሉ በረዶ ስለምን የከረምኩት ይህቺን እንዲያስታውሱብኝ ኖሯል።