የስኩዊዷ ፎቶ እና የእትዬ ወርቅነሽ ቀይ ሹራብ

ትናንት ምሳ ሰዓት ነው። ቦሌ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ጓደኞቼ ጋበዙኝ። አስተናጋጁ ክብ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ጥብስ አምጥቶ መሃል ላይ አስቀመጠ... ካላማሪ፣ የስኩዊድ ሥጋ።

«ቅመሰው፣ የጾም ነው» አለኝ አንዱ።

ተነስቼ ወጣሁ። አክራሪ ጿሚ የሆንኩ መስሏቸው ከኋላዬ ሲስቁ ሰማሁ። ይሳቁ። የኔ ነገር ከጾም ጋር አይገናኝም።

ነገሩ የሆነው ከተማው ሁሉ ተቆፍሮ፣ ቦሌ ላይ ፎቅ እንደ አሸን በሚፈላበት ዘመን ነው። ያኔ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ሥራ ሞልቷል፣ ግን ሙሽራ ማንሳት አንገሽግሾኛል። ዋና የለመድኩት ቦሌ አንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ሲሆን፣ እዚያው የተዋወቅኩት አንድ ፈረንጅ ጠላቂ ጅቡቲ ወስዶ ሊያሠለጥነኝ ቃል ገባልኝ። ሌሊት ባሕር ውስጥ ገብተን ስኩዊዶች እንቁላል ሲጥሉ ልናነሳ ነው። ለእናቴ ነገርኳት።

«ባሕር ውስጥ? በጨለማ? ምን ልታይ?»

«ስኩዊድ የምትባል ፍጥረት እንቁላሏን ስትጥል።»

«ዶሮ ስትጥል አይተህ አታውቅም?»

«እማ፣ ይቺ እኮ ቀለሟን ትቀያይራለች!»

«ሂድ ወዲያ! ካላየሁ አላምንም። ፎቶዋን ይዘህልኝ ና።»

እናቴ እንዲህ ናት። እኔም ይሄን ፎቶ ሳላሳያት እንደማላርፍ ማልኩ።

ጅቡቲ ሄጄ ሠልጥኜ፣ ሌሊት ከመጥለቃችን በፊት ደወልኩላት። ስልኳን ያነሳችው እህቴ ሰናይት ናት።

«እማ ጸበል ሄዳለች። ስልኳን ረስታው ነው...»

ድምፅዋ ዝግት ብሏል። ምን ሆነሽ ነው ብላት ጉንፋን ነው አለችኝ። «ውሃው ውስጥ ተጠንቀቅ፣ እባክህ» ብላ ዘጋችው። እኔም አመንኳት።

ገባን። መብራቴን ወደ ታች ሳበራ ነጫጭ ነገር አሸዋው ላይ ተደርድሮ አየሁ። የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይመስላል። እንቁላሉ ነው። አንዷ ስኩዊድ አጠገቤ መጣች። አንዴ ቀይ፣ አንዴ ነጭ እየሆነች ከአፏ ዙሪያ በበቀሉት እጆቿ እንቁላሏን ይዛ ከሌላው ጎን ትተክላለች። እኔን ከቁብም አልቆጠረችኝ። የጨረሱት ደግሞ ዳር ዳሩን ወድቀዋል። አነሳሁ... አነሳሁ። ውሃ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ሌሊት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ተመልሼ ቦሌ ኤርፖርት ስደርስ አጎቴ ጋሽ በየነና ጎረቤታችን እትዬ ወርቅነሽ ሚኒባስ ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው የሰፈር ሰው አለ። ለዚህች ጉዞ ይሄ ሁሉ አቀባበል! ደረቴን ነፋሁ። እትዬ ወርቅነሽማ የልጃቸውን ቀይ ሹራብ ለብሰው ክንዳቸው ላይ ሊተረተር ደርሷል።

«እትዬ፣ ዘንጠዋል!» አልኳቸው።

«ደስ ይበልህ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

ቤታችን ቦሌ ሚካኤል ነው፣ ከኤርፖርቱ አፍንጫ ሥር። ሚኒባሱ ግን ወደ ጉርድ ሾላ ታጠፈ።

«ጋሼ፣ በዚህ በኩል አይደለም እኮ?»

«መንገዱን ቆፍረውታል። ዛሬ እኔ ጋ ነህ፣ እናትህ ትንሽ አሟት ተኝታለች፣ አትረብሻት።»

በዚያ ዘመን መንገዱን ቆፍረውታል ያለ ሰው አይጠረጠርም። ደግሞም የልጅ ነገር፣ ካሜራዬን ለማሳየት ቸኩያለሁ። መንገዱ ስለተዘጋጋ ጊዜ ነበረን። ካሜራውን አብርቼ ከአንዱ ወደ አንዱ አዞርኩት። ሁሉም «ግሩም ነው» ይላል። ማንም ግን ምንም አይጠይቀኝም።

«ይቺን ይዩ እትዬ። እናት ናት። እንቁላሏን እንደጨረሰች ትሞታለች። ልጆቿ አያይዋትም።»

እትዬ ወርቅነሽ አፋቸውን በሹራቡ እጅጌ ያዙ። መጀመሪያ ያስነጠሳቸው መስሎኝ ነበር... ከዚያ ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር።

«ወርቅነሽ!» ብለው ጮኹ ጋሽ በየነ። ወደኔ ዞሩና «አንጀቷ አይችልም፣ ታውቃታለህ» አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? ሳቅኩ። ትከሻቸውን መታ መታ እያደረግኩ «አይዞዎት እትዬ፣ ስኩዊድ እኮ ናት!» አልኳቸው።

አብረውኝ ለመሳቅ ሞከሩ። ያ ሳቃቸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ጋሽ በየነ ቤት አበሉኝ፣ አጠጡኝ፣ አስተኙኝ። ጎህ ሲቀድ ግቢው ውስጥ የብዙ ሰው እግር ኮቴ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። እትዬ ወርቅነሽ ቀዩን ሹራብ አውልቀዋል፣ ጥቁር ለብሰዋል። ያን ጊዜ ገባኝ። መርዶ ነው። ማንም ምንም ሳይለኝ ጮህኩ።

እናቴ ያረፈችው እኔ ከመጥለቄ በፊት ነበር። ሰናይት ስልኩን ስታነሳ ለቅሶ ላይ ነበረች። ባሕር ውስጥ ሆኜ ሰምቼ አንድ ነገር እንዳልሆን ብለው ተማከሩና ደበቁኝ። እኔ ውሃ ውስጥ ስስቅ እነሱ ቀብረዋት ተመልሰዋል። ልቆጣቸው አልችልም፣ እኔም ብሆን እንደነሱ ነበር የማደርገው። ግን ደግሞ ይቅር ማለትም አቃተኝ። የልቤ ጓዳ ውስጥ ገብቶ የቀረ ነገር አለ፣ አይወጣም።

ፎቶውን አላሳተምኩትም። ለማን? ሠርግ ማንሳትም ተውኩ፣ ባሕርም አልተመለስኩም። ሰው ጊዜ ይሽረዋል ይለኛል። ዓመታት አለፉ፣ ሰፈሩ ፈርሶ ተሠራ፣ እኔ ግን አሁንም የቤቴን በር ስከፍት እናቴ «የታለች ያቺ ፍጥረት?» የምትለኝ ይመስለኛል።

ካላየሁ አላምንም ብላኝ ነበር... እኔም ስትቀበር አላየሁም።