አዋሽ ላይ የወደቀው ፎቶ

ጋሽ አስራት አረፉ። መካኒሳ አቦ አካባቢ የምትኖሩ፣ ከብስራተ ገብርኤል እስከ ሀና ማርያም ታክሲ የምትነዱ፣ ከሱቃቸው በር ላይ ቆማችሁ ከእሳቸው ጋር ተከራክራችሁ የሳቃችሁ ሁሉ መርዶውን ሰምታችኋል። እኔ ግን አፌ አልለምድ ብሎኝ ዛሬም «ጋሽ አስራት እንዲህ ይላሉ» እያልኩ ነው የማወራው። «ይሉ ነበር» ማለት እንዴት ይከብዳል! ሕመማቸው አጭር ነበር። ሐኪም ቤት ተኝተው እንኳ የአልጋውን ብረት እየነቀነቁ «ይሄን ደግሞ ማን ነው ያጠበቀው?» ሲሉ ነው የሰነበቱት።

ሥራቸው መኪና ውስጥ ዕቃ መግጠም ነበር። መጋረጃ፣ መስታወት፣ መደርደሪያ፣ መብራት፣ የቅዱሳን ሥዕል፣ በመኪና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ሁሉ በእጃቸው ያልፋል። ዝምተኛ ነበሩ ብዬ አልዋሽም፤ አፋቸውና እጃቸው እኩል ነበር የሚሠራው። ጉረኛም ነበሩ፤ ጉራው ግን ያምርባቸው ነበር። የመጀመሪያ ታክሲውን የገዛ ልጅ ወደ ሱቃቸው ከመጣ ከራሳቸው አንዲት ጌጥ ሳይሰቅሉለት አይለቁትም። «ዐይን ማረፊያ ይፈልጋል» ይሉት ነበር።

ሰቅለው ሲጨርሱ ደግሞ የሚያደርጉት ነገር ነበር። ባለቤቱ መኪናውን ኮብልስቶኑ ላይ እንዲነዳ ያዝዙና፣ እሳቸው ከኋላ ገብተው ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንዲት ነገር ካንኳኳች «ቁም!» ነው። «ቤት የተሰቀለ ዕቃ ተኝቶ ይኖራል፤ መኪና ላይ የተሰቀለ ግን መንገደኛ ነው፤ መንገድ መልመድ አለበት» ይሉ ነበር። ጎረምሶቹ ሹፌሮች ይስቁባቸዋል፤ እሳቸውም ተሳዳቢ ነበሩና የእጃቸውን ይሰጧቸዋል።

ለእኛ ቤት ያደረጉትን ግን ሰፈሩ ሁሉ አያውቅም። እናቴ እትዬ ዘነበች፣ ወንድሜ ዳዊት በልጅነቱ ታሞ ከሞት በተረፈ ጊዜ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስላ ነበር። ዛሬ ነገ ሲባል አባታችን ሞተ። ከዚያም እማዬ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና እንደ ሰው ተቀምጦ መሄድ ቀረ። ሕመሙን ችላዋለች። «ስለቴን ሳላደርስ እንዳልሞት» የምትለው ነገር ግን እህል ውኃ አላስቀምስ አላት። እኔም የምፈራው ይህንኑ ነበር።

ዳዊት የአባታችንን አሮጌ ሚኒባስ ወንበሮች አወጣና ዝቅ ያለ አልጋ አስገባበት። እማዬን ተሸክመን አስተኛናት። ዙሪያዋን ነጩን ላሜራ ቃኘችና «አውጡኝ!» አለች። «ይሄ አምቡላንስ ነው። ከዚህ ሰፈር በአምቡላንስ የሄዱትን አውቃቸዋለሁ፤ አንዳቸውም አልተመለሱም።» ብንለምን፣ ብንቆጣ፣ ወይ ፍንክች! ጋሽ አስራትን የጠራናቸው ያን ጊዜ ነው።

መጡና ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ጋደም አሉ። ጣሪያውን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ። «እውነታቸውን ነው። ሰው የሚያየው ሲያጣ ሕመሙን ነው የሚያየው። በሉ፣ ሳሎናችሁ ግድግዳ ላይ ያለውን ሁሉ አምጡ!»

መጋረጃ ሰቀሉ። ለመድኃኒቷና ለውኃዋ ጠርዙ ከፍ ያለ መደርደሪያ ሠሩ፣ ለነጠላዋ ማንጠልጠያ፣ ከራስጌዋ መብራት። የእኔንና የዳዊትን የምረቃ ፎቶ በጎንና በጎን አደረጉ። ከግርጌዋ፣ ዐይኗ ቀጥ ብሎ በሚያርፍበት፣ አባታችን ከራቫት አስሮ የተነሣውን ትልቁን ፎቶ። ዳዊት ግን ለላሜራው ሳሳ። «ጋሼ፣ ለፎቶ ብለው እንዳይበሱብኝ፤ ዝናብ ገብቶ ያዝገዋል» አላቸው። ቅር አላቸው፤ ግን አዲስ የመጣ ሙጫ ነበራቸው። «ይሄ ሙጫ ቢፈልግ መካኒሳን ከላፍቶ ያጣብቃል!» ብለው ለጠፉት። እማዬ እንደገና ገብታ ተጋደመች። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየችና «ቤቴ ነው» አለች።

ልንነሣ ስንል ጋሽ አስራት ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ከተፍ አሉ። «ሥራዬን ለብቻው አልልክም» ብለው ገቡ።

እስከ ናዝሬት ጨዋታ ነበር። መተሐራን አልፈን ወደ አዋሽ ስንቀርብ ሙቀቱ በረታ። ለካ ያ ሙጫ የመካኒሳን ብርድ እንጂ የቆላን ፀሐይ አያውቅም! የአባቴ ፎቶ ቀስ እያለ ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ወደቀ። መስታወቱ ተሰነጠቀ።

«እግዚኦ!» አለች እማዬ። «ዳዊት፣ ተመለስ። ባሌ አትሂጂ እያለኝ ነው።»

ዳዊት መኪናውን ዳር አስያዘ። እናቴ አንዴ ካለች አለች ነው። ያ ሁሉ ዓመት የተጠበቀ ስለት እዚያ በረሃ ላይ ሊቀር ነው ብዬ አለቀስኩ።

ጋሽ አስራት በላብ ተጠምቀዋል፤ ከሙቀቱ ይልቅ ሐፍረቱ ነው ያላባቸው። ፎቶውን አንሥተው በመሐረባቸው ጠረጉት።

«እትዬ ዘነበች፣ እሳቸውን አይውቀሱብኝ። የወደቀው ሙጫው ነው፤ በሙጫው የጎረርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ጋሽ በቀለ ምን አጠፉ?»

ከግርጌዋ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ጀርባቸውን ለላሜራው ሰጥተው፣ ፎቶውን ፊታቸውን እስኪሸፍን ከፍ አድርገው ያዙት። «ይኸው፤ አሁን ይወድቃሉ?» አሉ ከኋላው።

እማዬ ብዙ አየቻቸው። «ክንድህ ይዝላል፣ አስራት።»

«ክንዴ ቢዝል ጉልበቴ አለ።»

«እንግዲያው ንዳ» አለችው ዳዊትን።

ያንን ሁሉ ዳገትና ጠመዝማዛ እንደዚያ ሆነው ወጡት። አሰበ ተፈሪ ስንቆም «ጋሼ፣ ወርደው ሻይ ይጠጡ እንጂ» ብላቸው «ግድግዳ ሻይ ይጠጣል እንዴ?» አሉኝ። ብርጭቆውን አምጥቼ በእጄ ሳጠጣቸው ግን ስኳር አነሰው ብለው ተቆጡኝ።

ጥቂት እንደሄድን እማዬ ከፎቶው ጋር ማውራት ጀመረች። «አየህ በቀለ፣ ይኸው ልደርስ ነው። አንተ ነበርክ ዛሬ ነገ እያልክ ያዘገየኸኝ።»

ከፎቶው ኋላ «ነዳጅ ተወዶብኝ ነው እኮ፣ ዘኑ!» የሚል ድምፅ መጣ።

እናቴ ሳቀች። ከተሰበረች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማሁም ነበር። «ውይ፣ አንተ ሰውዬ! ወገቤን ልትጨርሰው ነው!» እያለች ሳቀች። ዳዊት መሪውን እንደያዘ ዐይኑን ሲጠርግ አየሁት።

ቁልቢ ደረስን። እማዬ በቃሬዛ ሆና ጥላውን በገዛ እጇ አስረከበች። ጋሽ አስራት ሊያማትቡ ፈልገው ክንዳቸው ደርቆ አልነሣ አላቸው፤ እኔ ነኝ ደግፌ ያማተብኳቸው።

አዲስ አበባ በገባን ማግስት ትራፓኖ ይዘው መጡ። ማንንም ሳያስፈቅዱ ላሜራውን በስተው ፎቶውን በቡሎን አሰሩት። ዳዊት ጮኸ። «ዝገት ሲጀምረው ጥራኝ» አሉት። ከዚያ ወዲህ በዓልን ያለ እሳቸው ውለን አናውቅም። ሚስት አላገቡም፣ ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ነገር ሲነሣ «እኔን የሚቀብረኝ ዕድር ነው፤ መዋጮዬንም ለዚሁ ነው የማላስተጓጉለው» ብለው ይስቁ ነበር። እኛም አብረን እንስቅ ነበር።

ጋሽ አስራት፣ ያልሰሙትን ልንገርዎት። እማዬ ያን ዕለት ቁልቢ ላይ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ብዙ ስትቆይ ለጤናዋ የምትለምን መስሎን ነበር። እውነቱን የነገረችን ልቅሶዎ ላይ ነው። «እኔማ ስለቴ ደረሰልኝ፣ ምን ቀረኝ? ለአስራት ነው የለመንኩት። ገብርኤል ሆይ፣ ቀባሪ ልጅ አታሳጣው አልኩት» አለች።

በቀብርዎ ዕለት የዕድሩ ዳኛ የሕይወት ታሪክዎን ሊያነቡ ተነሡ። ለደንቡ ወደ ሕዝቡ ዞር ብለው «ሟች ልጆች አሏቸው?» ብለው ጠየቁ። እርስዎን የሚያውቅ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ዳዊት እጄን ያዘኝና ሰዉን እየገፋን ወደ ፊት ወጣን።

«ሁለት ነን» አለ።

ዳኛው ጥቂት አዩንና፣ ብዕራቸውን አውጥተው ጨመሩበት። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አነበቡት። በሕይወት ሳሉ «ጋሼ» ስንልዎት ኖርን። በሰላም ይረፉ፣ አባባ።